መንግሥት ሲለያይ ገበያው ወዴት ይሄዳል?

በወልድያ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



ለዛሬ የመረጥሁት ጉዳይ፣ ብዙ ሕዝብና ብዙ ቋንቋ በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሲኖር፣ ከመካከሉ አንዱ አገር ተለይቶ ራሱን ችሎ በሚቆምበት ጊዜ፣ ከሰንደቅ ዓላማውና ከመዝሙሩ ባሻገር እንጀራው ከወዴት እንደሚመጣ፣ ንግዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ገንዘቡም በምን እንደሚጸና የሚመረምር ነው። እንግሊዝ በ2012 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ስለዚህ ነገር በዓለም ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን ምሳሌውን ከባሕር ማዶ ከመለመናችን አስቀድሞ በራሳችን ደጅ የተፈጸመውን ልንመለከት ይገባናልና፣ የኤርትራን ከኢትዮጵያ መለየትና ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ከሠላሳ የሚበልጡ ዓመታት መሠረት አድርጌ እናገራለሁ። የምይዘውንም አሳብ ከመነሻው ልግለጽ፤ ከመለየቱ በኋላ በኤርትራ ላይ የወደቀው የኑሮ መጥበብና በእኛም ላይ የደረሰው ጉዳት፣ ሁለቱ መንግሥታት የሥልጣኑን ክፍፍል ለመፈጸም የተጣደፉትን ያህል፣ ሊከፈል የማይችለውን ነገር፣ ይኸውም መንገዱን፣ ወደቡን፣ ገንዘቡንና ጉምሩኩን በጸና ውል ለማሰር ካለመትጋታቸው የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ነገር በወልድያ ላይ ቆሞ መናገር የሚገባበት ምክንያት አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በስሪንቃ አልፎ እዚህ የሚደርሰው፣ ከዚህም በቆቦና በአላማጣ፣ በመቀሌና በአዲግራት አድርጎ አሥመራ የሚገባው ጎዳና፣ በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ለወታደርና ለመድፍ የተጠረገ ቢሆንም፣ ከነጻነት በኋላ የሰላማዊ ነጋዴ መንገድ ሆኖ ኖሯል፤ ከኮምቦልቻ የሚገነጠለው ክንፉም በባቲና በሚሌ በኩል ቆላውን አቋርጦ አሰብ ይወርዳል። የንግዱ ዕድሜ ግን ከመኪናው መንገድ እጅግ ይበልጣል። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ በምጽዋ በኩል የገባው የማርያ ቴሬዛ ብርም ማንም የአገራችን ንጉሥ ያላተመው የባዕድ ገንዘብ ሆኖ ሳለ እስከ የጁ ገበያ ድረስ እየታመነ ሲመነዘር፣ የባሕሩ ጠረፍና የደጋው አገር በአንድ መንግሥት ሥር ያደሩበት ዘመን ነበረ፣ ያላደሩበትም ዘመን ነበረ፤ ገበያው ግን በሁለቱም ዘመን አልተቋረጠም።

ደግሞም ከሀብሩ ወረዳ ብዙ ሳይርቅ፣ በአምባሰል ምድር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል የዛሬው ወሰን ታሪክ ከሚጀምርባቸው ምዕራፎች አንዱ ነው። ኢጣልያ በ1862 ዓ.ም. በሩባቲኖ ኩባንያ ስም አሰብ ላይ ቦታ ገዝታ፣ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዛ፣ በዚህ ውል ወደ ደጋው ለመዝለቅ መብት አገኘሁ ብላ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ የሚባለውን ቅኝ ግዛት አቆመች። ስለዚያ ውል ተንኰልና ስላስከተለው የዐድዋ ጦርነት ሁላችሁም የምታውቁት ስለሆነ አልመለስበትም፤ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ውል ውስጥ እንኳ ስለ ነጋዴ፣ ስለ ጉምሩክና በምጽዋ በኩል ስለሚያልፍ ዕቃ የሚናገሩ አንቀጾች ነበሩበት፤ ማለትም በተንኰል የተጻፈው ውል ሳይቀር፣ ወሰን በሚበጅበት ቀን የሚያልፈውን ዕቃ ነገር ሳይጽፉ መነሣት እንደማይቻል ያውቅ ነበር።

ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች፤ ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀው ጦርነትም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 99.8 በመቶው ነጻነትን መረጠ። የሕዝብ ፈቃድ እንዲህ ተገልጦ ሳለ ያንን ክርክር ዛሬ መልሶ መክፈት ፍሬ የለውም፤ ይልቁንም መመርመር የሚገባን ከውሳኔው ማግሥት የተሠራውንና ሳይሠራ የቀረውን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ተስፋ የታየባቸው ነበሩ። ነጻነቱ በታወጀ በጥቂት ወራት ውስጥ የወዳጅነትና የትብብር ስምምነቶች ተፈረሙ፤ አሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ነጻ ወደብ ሆኖ እንዲያገለግል ተፈቀደ፤ ኤርትራም የራሷን ገንዘብ እስክታትም ድረስ በብር ትገበያይ ነበር። የአሥመራ ፋብሪካዎች ከኢጣልያኖች ዘመን ጀምሮ የለመዱት ገበያ በእጃቸው ቀርቶ ስለነበር ጨርቁ፣ ጫማው፣ መጠጡና ጨዉ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ጤፉ፣ ማሽላው፣ ቡናውና ከብቱ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ አዲሲቱም አገር ኢኮኖሚዋ በፍጥነት አደገ። ነገር ግን ስምምነቶቹ በሁለቱ አገሮች ሥልጣን በያዙት ተጋዳይ ድርጅቶች መሪዎች መተማመን ላይ የቆሙ ነበሩና፣ በሕግና በተቋም የጸና ሥር አልነበራቸውም፤ ወሰኑ በምድር ላይ አልተከለለም፤ የገንዘቡን ነገር ማን እንደሚያዝበት አልተወሰነም። ኤርትራውያን፣ በምንገበያይበት ብር ላይ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ባንክ ብቻውን ያዝዛል እያሉ ሲያዝኑ፣ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በብር የተገዛ ቡናና የቅባት እህል በኤርትራ በኩል እየወጣ የውጭ ምንዛሪውን ሌላ ያገኘዋል እያሉ ያማርሩ ነበር። ሁለቱም ቅሬታ መሠረት ነበረው፤ ሁለቱንም በጊዜው የሚሰማ አንድ የጋራ ጉባኤ ግን አልቆመም።

በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የሚባለውን ገንዘቧን ባወጣች ጊዜ የተሰወረው ሁሉ ተገለጠ። የአሥመራ መንግሥት አንድ ናቅፋ በአንድ ብር እንዲመነዘርና ሁለቱም ገንዘቦች በሁለቱም አገር እንዲዘዋወሩ ፈለገ፤ የአዲስ አበባ መንግሥት ግን አዲስ የብር ኖት አሳትሞ፣ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ ሁሉ በባንክ የክፍያ ዋስትና (በሌተር ኦፍ ክሬዲት) እና በውጭ ምንዛሪ እንዲፈጸም ወሰነ። የሁለቱ አሳብ በየበኩሉ ሲመረመር ምክንያት የሌለው አልነበረም። ነጻ ነኝ ያለ አገር የራሱን ገንዘብ መሻቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ በአንጻሩም ሌላ መንግሥት እንደ ፈቃዱ የሚያትመው ወረቀት በገበያዬ እንደ ብር ይቆጠር ማለት፣ እህልንና ከብትን ለማይታወቅ ዋጋ አሳልፎ መስጠት ስለሚሆን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት መፍራቱ አግባብ ነበረው።

ይሁን እንጂ ይህ ውሳኔ በነጋዴው ላይ ምን እንዳደረገ አስቡት። አንድ የመርሳ ነጋዴ አርባ ኩንታል ጤፍ ጭኖ አሥመራ ቢሸጥ፣ ቀድሞ የሚቀበለው ብር ነበርና በዚያው ብር ጨውና ጫማ ገዝቶ መኪናውን ሞልቶ ይመለስ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድም ዶላር አያስፈልገውም። ከአዲሱ ሥርዓት በኋላ ግን ገዢው በባንክ በኩል ዶላር ካላቀረበ በቀር ጤፉ ሊሸጥለት አይችልም፤ ጫማውንም ሊገዛ ቢወድ እርሱ ራሱ ዶላር ሊያቀርብ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አገሮች ያለ ዶላር ለዘመናት ሲነግዱበት የኖሩት ገበያ፣ ከሁሉ ይልቅ በቸገራቸው ነገር፣ ይኸውም በዶላር ታሰረ። በ2,000 ብር ገደብ ውስጥ የተፈቀደውም የጠረፍ ንግድ፣ በአህያ ጭኖ ለሚሻገር የወሰን ሰው እንጂ ከወልድያና ከሀብሩ ለሚነሣ የጭነት መኪና የሚበቃ አልነበረም። ሁለቱ ብሔራዊ ባንኮች በየሦስት ወሩ ሒሳባቸውን አቻችለው፣ የተረፈውን ልዩነት ብቻ በውጭ ምንዛሪ የሚከፋፈሉበት የማቻቻያ ሥርዓት ናቅፋው ከመታተሙ አስቀድሞ ቢበጅ ኖሮ፣ የአሥመራም ክብር የአዲስ አበባም ፍርሃት መልስ ባገኘ ነበር።

በሀብሩ በወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ይህን ነገር ከማናችንም ይልቅ ያውቀዋል። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት በሽማግሌ ፊት ይካፈላሉ፤ ድንበር ያበጃሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ በድርሻው ላይ አዛዥ ይሆናል፤ ነገር ግን የመስኖው ቦይ በአንደኛው መሬት አልፎ ወደ ሁለተኛው የሚሄድ ስለሆነ፣ ቦዩን እንደ መሬቱ ከሁለት እንክፈለው ቢሉ ሁለቱም ማሳ ይደርቃል። ስለዚህ የውኃ አባት ይሾማሉ፤ ተራ ይይዛሉ፤ ተራ የሚሰርቀውም ይቀጣል፤ የውኃ አባቱንም የሚሾሙት ፍቅራቸው ሳይቀዘቅዝ፣ ነገር ሳይመጣ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲለያዩ መሬቱን ተካፈሉ፤ የውኃ አባት ግን አልሾሙም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በወሰኑ ላይ ባለችው በባድመ በሁለቱ አገሮች መካከል የተጀመረው ጦርነት ሁለት ዓመት ቆይቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በላ፤ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም መንገዱ ከጦርነቱ መነሻ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል እንደ ተዘጋ ቆየ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነው የሚል ሰው ነገሩን ያቀልለዋል፤ ነገር ግን ገበያው ተዘግቶ፣ ነጋዴውና ሾፌሩ፣ ደላላውና ባለ መጋዘኑ በሰላሙ ላይ የነበራቸው ጥቅም አስቀድሞ ባይሞት ኖሮ፣ ጦርነቱን የሚቃወም ብርቱ ድምፅ ከሁለቱም ወገን በተሰማ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጉዳቱን ስንመለከት፣ ኤርትራ ከጦርነቱ በፊት ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምትሸጠው ለኢትዮጵያ ነበርና፣ በአንድ ክረምት ዋናውን ገዢዋን አጣች። አሰብ፣ አገልግሎቱ ሁሉ ለኢትዮጵያ ዕቃ የነበረው ያ ወደብ፣ ክሬኑ ቆሞ፣ ሠራተኛው ተበትኖ ባዶ ቀረ። 18 ወር እንዲሆን በሕግ የተወሰነው ብሔራዊ አገልግሎት ከጦርነቱ በኋላ ፍጻሜው የማይታወቅ ሆኖ፣ በእርሻና በፋብሪካ ላይ ሊውል የሚገባው ጉልበት በምሽግ ዋለ፤ ከዚያም የሚሸሸው ወጣት በሱዳንና በሊብያ በረሃ፣ በሜዲትራንያን ባሕርም አለቀ። አገሪቱን ያቆያት በውጭ ያለው ሕዝቧ የሚልከው ገንዘብና ከገቢው ላይ የሚከፍለው ሁለት በመቶ ግብር፣ በኋላም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከቢሻ የተቆፈረው ወርቅ፣ መዳብና ዚንክ ነው። ማዕድን የመንግሥትን ግምጃ ቤት ሊሞላ ይችላል፤ አሥመራ ላይ ለሚኖር የልብስ ሰፊ ልጅ ግን የጠፋበትን ገበያ አይመልስለትም።

እኛም አልተረፍንም። ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ከባሕር ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን በጅቡቲ ብቻ ለማሳለፍ ተገደደች፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሰውም ለበረኛው የጠየቀውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለውም። በዚህ በወሎ ደግሞ ጉዳቱ ስም ያለው ሰው ላይ ነው የወደቀው። በጫኝና አውራጅነት፣ በሾፌርነት፣ በሻይ ቤትና በጉሊት ንግድ ለመተዳደር ከወሎ ወደ አሰብ የወረደው ሰው ብዙ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ቤት ንብረቱን ጥሎ ተመለሰ። ከጦርነቱም ጋር ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ ብቻ ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሲባረር፣ ጎረቤቱን በእንባ የሸኘ የደሴና የወልድያ ሰው ዛሬም አለ። ይህ በደል በሁለቱም ወገን የተፈጸመ ስለሆነ፣ አንዱን አጽድቆ ሌላውን መኰነን ለእውነት አይስማማም።

ሌሎች አገሮች በዚሁ ፈተና ውስጥ ሲያልፉ ያደረጉትን ስናይ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ ሊፈጸም ይችል እንደነበረ ይገባናል። ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀችበት በዚያው ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ጥር 1 ቀን 1993፣ ቼክና ስሎቫኪያ ያለ ደም ተለያዩ። አንድ ገንዘብ ይዘን እንቆይ ያሉት ውል ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ፈረሰ፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚፈርስ አስቀድመው አዘጋጅተው ስለ ነበረ፣ ኖቱ ላይ ቴምብር እየለጠፉ ገንዘቡን በሰላም ለዩት፤ የጉምሩክ አንድነታቸውን ግን ሳይነኩ ጠብቀው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል እስከሆኑ ድረስ ዕቃቸው ያለ ቀረጥ ሲመላለስ ኖረ። ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. በ1965 ከማሌዥያ ስትለይ፣ የምትጠጣው ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከጎረቤቷ ከጆሆር ግዛት ነበርና፣ የውኃውን ውሎች የመለያያው ስምምነት ራሱ እንዲያጸናቸው አደረገች፤ ከዚያም በወደቧና በሠራተኛ ሕዝቧ ባለጠጋ ሆነች። በተቃራኒው ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ስትለይ፣ ነዳጇ የሚያልፍበት ቧንቧ በሰሜን ሱዳን ምድር ላይ እያለ የማሳለፊያው ዋጋ አልተቈረጠም ነበርና፣ ዓመት ሳይሞላ በክርክሩ ምክንያት ነዳጁ ተዘግቶ ሁለቱም መንግሥታት ደኸዩ። ደቡብ ሱዳን ነዳጅ ነበራት፤ ሲንጋፖር የሚበቃት የሚጠጣ ውኃ እንኳ አልነበራትም።

ኤርትራም ከሲንጋፖር የምትመሳሰልበት ነገር አላት፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባሕር ጠረፍ፣ በዓለም ንግድ ትልቅ መተላለፊያ ላይ የተቀመጡ ሁለት ወደቦች፣ ትጉህና የእጅ ሙያ ያለው ሕዝብ፣ ከጀርባዋም ብዙ ገዢና ሻጭ የሚገኝበት ሰፊ አገር። ከጥቂት ሚሊዮን ሕዝቧ ጋር ራሷን ዘግታ ልትበለጽግ የምትችልበትን መንገድ ግን እኔ አላየሁም፤ ፋብሪካዎቿ ከሕዝቧ ቁጥር የሚበልጥ ገዢ ይፈልጋሉ፤ አሰብም ከኢትዮጵያ ዕቃ በቀር የሚያሳልፈው ሌላ የጎላ ዕቃ የለውም። የኤርትራ የኢኮኖሚ ተስፋ ያለው በዚህ ጎዳና ላይ ነው፤ የእኛም ተስፋ ትንሽ የማይባል ክፍል በዚያው ላይ ነው።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሥመራ የሰላም መግለጫ ተፈርሞ፣ በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ያለው ወሰን በተከፈተ ጊዜ የታየውን ታስታውሳላችሁ። ቤተሰብ ከሃያ ዓመት በኋላ ተቃቅፎ ሲያለቅስ፣ የጭነት መኪናው ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ ተሰለፈ፤ በአሥመራ የእህል ዋጋ ወረደ። ያንን ደስታ የማይጋራ ልብ አልነበረም፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ የጉምሩክ ታሪፍ፣ የምንዛሪ ሥርዓትና የትራንዚት ደንብ ሲታወጅ ለማየት ብጠብቅ አልታወጀም። ብዙ ወራት ሳይቆይም መተላለፊያው አንድ በአንድ ተዘጋ፤ ለመከፈቱ የተጻፈ ሕግ ስላልነበረ፣ ለመዘጋቱም ምክንያት መስጠት ግድ አልሆነም።

ዛሬ የባሕር በር ነገር እንደ ገና በአገራችን አፍ ላይ ነው፤ በዚያው አንደበት የጦርነት ወሬም አልፎ አልፎ ይሰማል። ጦርነትን በዚህ መንገድ ዳር ለሚኖር ሕዝብ መስበክ አይገባም፤ ይህ ከተማ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ያየውን አይቶ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ሱቁ ሲዘረፍ በዓይኑ ተመልክቶ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተደረገው የዓለም የባሕር ሕግ ስምምነት በ125ኛው አንቀጹ ባሕር የሌለው አገር ወደ ባሕር የመውጣትና በጎረቤቱ ምድር የመተላለፍ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አፈጻጸሙን ግን ለባለ ጉዳዮቹ ስምምነት ይተወዋል። ስለዚህ ሕጉ ራሱ የሚመልሰን ወደ ውል ጠረጴዛ ነው።

ውሉ እስኪጻፍ ድረስ እኛ ምን እንሥራ ለምትሉኝ፣ ሁለት ነገር በእጃችን አለ። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውና ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ከወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ መቆየቱ ልባችንን ሊያሳዝነን ይገባል፤ መንግሥትንም ደጋግመን ልንጠይቅበት ይገባናል፤ ምክንያቱም ይህ ሐዲድ ሲያልቅ የወልድያን ገበያ ከጅቡቲው ባቡር ጋር ከማገናኘቱም በላይ፣ ወደ ሌላ ወደብ ለሚቀጠል መስመር መነሻ ይሆናል። ሁለተኛው የሀብሩ ምርት ነው። በስሪንቃ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ ግራና 1 ያሉ የማሽላ ዘሮችን ለቆላው ገበሬ ያወጣ ሲሆን፣ በመርሳና በግራና የሚለማው ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ሽንኩርት ግን በመጋዘን የሚቆይ አይደለም፤ ፈጥኖ ገዢ ካላገኘ ይበሰብሳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠ የተሠራውን ከባዕድ የሚገዛ ሕዝብ ከድህነት እንደማይወጣ አስተምረውን ነበርና፣ ፍሬውን ጨምቆና አድርቆ የሚያሽግ ትንሽ ፋብሪካ በመርሳ ቢቆም መንገዱ እስኪከፈት ዕቃው ይቆያል፤ በተከፈተም ቀን በአሥመራና በምጽዋ ገበያ የሚቀርብ ይኖረናል።

በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ውሉ በሚጻፍበት ጊዜ፣ በሩቅ ከተማ የሚቀመጡት ተደራዳሪዎች ስለ ትልልቁ መርከብና ስለ ነዳጁ እንደሚጽፉ አልጠራጠርም። እኔ ግን ሦስት ነገር እንዲጻፍበት እሻለሁ፤ የማሳለፊያውና የወደቡ ዋጋ በታወቀ ቀመር ተቈርጦ በየስንት ዓመቱ እንደሚታይ፤ ሁለቱ ባንኮች ብርንና ናቅፋን በምን ሥርዓት እንደሚያቻችሉና ክርክር ሲነሣ ማን ዳኛ እንደሚሆን፤ ደግሞም መንግሥታቱ በሌላ ጉዳይ ቢጣሉ እንኳ መተላለፊያውን ከመዝጋታቸው አስቀድሞ በመንገድ ላይ ያለው ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ የሚመለስበት የተወሰነ ወር እንዲሰጠው። ሦስተኛው በትልልቅ ውሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው፤ በ1990 ዓ.ም. ዕቃውንና ገንዘቡን ማዶ ትቶ የቀረው ነጋዴ የተጎዳው ግን ይህ ባለመጻፉ ነው።